ፒያሳ ላይ የሰዓት ሰሪ ዘጋቢ ፊልም፦ ድምፅና መብራት አስቸገረን

ጥያቄ፦ ፒያሳ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስለሚሠሩ አዛውንት ሰዓት ሰሪ የ8 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነው። በሙከራ ቀረጻው የመኪና ጩኸት ንግግራቸውን ዋጠው፤ ምስሉም ይርገበገባል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሚያርገበግበው የሱቁ ፍሎረሰንት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። በ1/60 ከተቀረጸ በኋላ በኤዲቲንግ ማስተካከል መከራ ነው! ርካሽ ኤልኢዲ ግን በዚህም ላይስተካከል ይችላል፤ ያኔ አጥፍታችሁ በበሩ ብርሃን ሥሩ።

መልስ፦ ለድምፁ የደረት ማይክ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ኮታቸው ጠርዝ ላይ ሰኩ። ነጠላ ላይ ከሆነ ጨርቁ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ የንግግሩ ከፍታ ከ-12 ዴሲቤል ብዙ አይለፍ። ቃለ መጠይቁን እሁድ ጠዋት አድርጉት፤ ማንም ሳይናገርም የሱቁን ድምፅ ብቻ 1 ደቂቃ ቅዱ። ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የሚሸፍነው እሱ ነው።

መልስ፦ እጃቸውንስ? ክዳኑን ሲከፍቱ፣ ብሎኗን በወረንጦ ሲያነሱ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ሰከንድ ካሜራው ሳይነቃነቅ ያዙ። ፊቱ የሚታይ ደንበኛ ካለ ቀድማችሁ አስፈቅዱት።