አሮጌ አልፋ ሮሜዮን ለመንገድም ለውድድርም ማሰናዳት

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩትን፣ 1290 ሲሲ ሞተር ያለውን አልፋ ሮሜዮ ጂቲ 1300 ጁኒየር ለዘወትር መንገድም ለውድድርም እንዲሆን እያደስኩ ሲሆን፣ ሁለት ባለ 40 ሚሊሜትር ዌበር ካርቡሬተሮች (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉ) ከገጠምኩለት ወዲህ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም ጥላሸት ይለብሳሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ (ከካዛንቺስ)፦
ወንድሜ፣ ምክንያቱ ከፍታው ይመስለኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተመረጠ ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ) ደግሞ ሞተሩ ከሚያገኘው አየር ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይለቃል። የካንዴላው ጫፍ ፈዘዝ ያለ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ዋናውን ጄት ደረጃ በደረጃ ያሳንሱት። ቀዳዳውን ግን በሽቦ እንዳያስጠርጉ፤ የእኔን አንድ ባለሙያ እንዲሁ አስፍቶብኝ ሁለት ወር ተቸግሬያለሁ። የፈቱትንም ጄት አይጣሉት፤ ወደ አዳማና ከዚያ በታች ሲወርዱ ይፈልጉታል።

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከጉልበት በፊት ፍሬኑ ይቅደም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ ያረጀው በተደጋጋሚ ፍሬን ሲያዝ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። የራዲያተሩንም ክዳን ይፈትሹ፤ እዚህ ውኃ ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ሞተሩን ያቃጥላል።