ሌብሮን ለ24ኛ ሲዝን ይመለስ ወይስ ይብቃው?

ኳስ በእጅ፦
ሌብሮን ጄምስ 41 ሞልቶታል። የ2025-26 ሲዝን በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ 23ኛው ነው። ከሱ በፊት ይህን ያህል የቆየ የለም፤ ቪንስ ካርተር እንኳ 22 ላይ ነው ያቆመው። ከክለቡ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ያለው ኮንትራት በዚሁ ሲዝን ያልቃል፣ የዚህ ሲዝን ደሞዙም 52.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጥያቄዬ ይህቺ ናት፦ ለ24ኛው ይመለስ ወይስ ጫማውን ይስቀል?

የራሴን አስቀድሜ ልናገር። ይብቃው ባይ ነኝ። አራት ዋንጫ አለው። የካሪም አብዱል-ጀባርን የ38,387 ነጥብ ሪከርድ በ2023 አልፎ ከ40 ሺህ በላይ አድርሶታል። ከልጁ ከብሮኒ ጋር በአንድ ማልያ ተሰልፏል፤ በሊጉ ታሪክ አባትና ልጅ አብረው ሲጫወቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ምን ቀረው? መውደቁን እንዳናይ ነው የምፈራው።

ነጥብ ቆጣሪ፦
«ምን ቀረው» የደጋፊ ጥያቄ ነው። ተጫዋች የሚጠይቀው «ዛሬ ማታ ጨዋታ አለ?» ብሎ ነው። በ2024-25፣ ሲዝኑ መሃል ላይ 40 ዓመት ደፍኖ፣ በጨዋታ በአማካይ 24.4 ነጥብ፣ 8.2 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብል) እና 7.8 ሪባውንድ (ተስታ የተመለሰች ኳስ መያዝ) ነበረው። ስሙንና ዕድሜውን ሸፍነህ ይህን ለአንድ አሰልጣኝ ብታሳየው «ልጁ የት ነው ያለው? አምጡልኝ» ነው የሚልህ። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ጡረታ የምታወጡት? የልደት ሰርተፍኬቱን አይታችሁ?

ዘጠና አራት ጫማ፦
ቆጣሪው፣ ያንተ ቁጥር የሚያወራው ኳሷ በእጁ ስትሆን ነው። ኳሷ ስትጠፋስ? እኔ የጨዋታዎቹን ቪዲዮ እየመለስኩ አይቻለሁ (ሥራ ፈት በሉኝ)። ቀለበቱ ስር ገብቶ ይስታል። እጁን ዘርግቶ ወደ ዳኛው ይዞራል። ዳኛው ዝም። በዚህ መሃል አራቱ ጓደኞቹ መሃል ሜዳውን አልፈው እየተከላከሉ ነው፤ እሱ ገና ወገቡን ይዞ መራመድ ሊጀምር ነው። አራት ለአምስት። 41 ዓመት የሚታየው እዚያ ጋ ነው። ዳንክ ሲያደርግማ (ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ ሲከታት) አይታይም፤ ዳንክ እስካሁን ያደርጋል።

የወንበር ጥግ፦
ጀርባውንም አትርሱ። በዚህ ሲዝን ሳያቲካ (ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም) ይዞት የመጀመሪያዎቹን 14 ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ለ22 ዓመት የሲዝን መክፈቻ አምልጦት አያውቅም ነበር። ሳያቲካ የያዘው ሰው ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ማለት ይከብደዋል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከ25 ዓመት ጎረምሶች ጋር እየተጋጨ ነው የሚውለው።

እማማ ሪባውንድ፦
ልጆቼ፣ ስለ ቀድሞው የሌከርስ ኮከብ ስለ ኮቢ ብራያንት አንድ ነገር ልበል። ሁሉም የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሌሊት ነው፤ ኤፕሪል 13 ቀን 2016፣ 60 ነጥብ። እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያቺ ሌሊት የመጣችው ከስንት ሌሊት በኋላ ነው? ያን ዓመት ሌከርስ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ። ኮቢ ከወረወራቸው ኳሶች ያስገባው 35.8 በመቶ ብቻ ነበር። 60 ነጥቡም ከ50 ሙከራ የመጣ ነው።

ደሞዙ 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሊጉ የደሞዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ የተመደበለት ልክ፣ በዚያ ዓመት 70 ሚሊዮን ነው። አንድ ሰው ከሲሶ በላይ ይዞ ከተቀመጠ በቀረው ማንን ትገዛለህ? ለአንዲት የስንብት ሌሊት ቡድኑ ዓመት ሙሉ ከፈለ።

ነጥብ ቆጣሪ፦
እማማ፣ አክብሬዎት ነው፣ ማወዳደሪያው ግን አይገጥምም። ኮቢ በ2013 የተረከዝ ጅማቱ (አኪለስ) ተበጥሶ፣ ተጎድቶ ተጎድቶ ነው እዚያ የደረሰው። ሌብሮን በ2024-25 የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች ሲመረጡ ሁለተኛው ምርጥ አምስት ውስጥ የገባ ሰው ነው።

ደግሞ ይሄን «መውደቁን እንዳናይ» የሚባለውን ነገር አልገባኝም። ማይክል ጆርዳን በ38 ዓመቱ ለዋሺንግተን ዊዛርድስ ተመልሶ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ሁለቱንም ዓመት ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) አልገቡም። 40 ከሞላው በኋላ ግን በአንድ ማታ 43 ነጥብ አስቆጥሯል። እና ዛሬ ጆርዳንን ሲያነሳ ዋሺንግተንን የሚቆጥርበት ማን አለ? የስድስት ዋንጫ ሰው ሁለት ክፉ ዓመት ስለጨመረ አምስት ተኩል አይሆንም።

ኳስ በእጅ፦
እሺ፣ በዚህ ረታኸኝ። ስሙ ይበላሻል የሚለውን እተወዋለሁ። ስሙ የኔ ጭንቀት እንጂ የሱ አይደለም። ነገር ግን የቡድኑ ጥያቄ አለ። ሌከርስ ሉካ ዶንቺች አለው። ኳሷ የሱ ናት። ኦስቲን ሪቭስም አለ። ሌብሮን ቢመለስ በየትኛው ወንበር ነው የሚቀመጠው?

የወንበር ጥግ፦
ለዚህ መልሱ ቶሮንቶ ላይ ተሰጥቷል። ያላየ ካለ ልንገራችሁ። ዲሴምበር 4 ቀን 2025 ነው። ሉካ የለም። ሪቭስ 44 አግብቶ ቡድኑን ተሸክሞታል። ሌብሮን 17 ሞክሮ 4 ብቻ አስገብቶ 8 ነጥብ ላይ ቆሟል። አስቡት፣ ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ 1,297 ጨዋታ በተከታታይ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል። በዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ አሁን ሪዝ አብቅሏል። ውጤቱ 120 እኩል ነው። የቀረችው አንዲት አጋጣሚ ናት። ኳሷ እሱ እጅ ገባች። 10 ለመሙላት ሁለት ነጥብ ነው የሚጎድለው፣ ቢወረውር ማንም አይወቅሰውም።

ጥግ ላይ ለቆመው ሩዪ ሃቺሙራ አቀበለው። ሃቺሙራ ባለሦስት ነጥቧን ከሰዓቱ ጋር እኩል አስገባት። 123 ለ120። የ18 ዓመቱ ሰንሰለት እዚያ ተቆረጠ፣ ሌብሮን እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይጨፍራል።

እኔ ያን ማታ ነው ይመለስ ባይ የሆንኩት። የራሱን ሪከርድ ለማንም ሳይሆን ለክፍት ሰው የሰጠ ተጫዋች ሦስተኛ ሰው መሆን አይከብደውም።

ዘጠና አራት ጫማ፦
ታሪኩን አሳምረህ ነገርከኝ፣ 4 ከ17 የምትለዋን ግን ቶሎ አለፍካት። የ30 ዓመቱ ሌብሮን ቢሆን ጨዋታው እዚያ ድረስ ባልደረሰ ነበር። ደግሞ አንዲት ቅብል ማለት አንድ ሲዝን አይደለም። ለሲዝኑ 82 ጨዋታ ዝቅ ብሎ መጫወት ሌላ ነገር ነው።

እማማ ሪባውንድ፦
የቻሉም አሉ እኮ። ቲም ደንከን በመጨረሻው ሲዝኑ አማካዩ 8.6 ነጥብ ነበር፤ ሳን አንቶኒዮ ግን 67 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ መግለጫ አውጥቶ ቤቱ ገባ። ሮበርት ፓሪሽ በ43 ዓመቱ የቺካጎ ተጠባባቂ ሆኖ በ1997 የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ወሰደ። ካርል ማሎንም በ40 ዓመቱ ደሞዙን ወደ 1.5 ሚሊዮን አውርዶ ሌከርስ ገብቶ ነበር። እሱስ አልቀናውም፤ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ፍጻሜውን በዲትሮይት ተሸነፉ።

ዘጠና አራት ጫማ፦
ክሪስ ፖልን ረሱት እማማ። ዝቅ ብሎ ነበር እኮ የገባው፣ 40 ዓመቱ፣ ትንሽ ደሞዝ፣ ትንሽ ደቂቃ። ክለቡ ክሊፐርስ ዲሴምበር 2025 ላይ ቡድኑ ከሜዳ ውጭ ለጨዋታ በሄደበት «ወደ ቤትህ ሂድ» አሉት። ሲዝኑ ገና ሩቡ ላይ ነበር።

ነጥብ ቆጣሪ፦
የክሪስ ፖል ነገር እኔንም ከንክኖኛል። መልስ የለኝም።

ኳስ በእጅ፦
በቃ፣ አቋሜን ቀየርኩ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ይመለስ። ግን 52 ሚሊዮን አይጠይቅ። ደሞዙ ሲቀንስ ነው ቡድኑ የሚከላከል ሰው ማምጣት የሚችለው፤ ዘጠና አራት ጫማ የሚያለቅስበትም ያ ነው። ሁለት ማታ ተከታትሎ ጨዋታ ሲኖር አንዱን ይተው። በጨዋታም ከ28 ደቂቃ አይለፍ። ቁጥሯን ከራሴ ነው ያወጣኋት፣ ሳይንስ የላትም። ኳሷን ለሉካ ለቆ እሱ ጥግ ይቁም፤ አንዳንዴ ቀለበት ስር ይግባ። በዚህ ካልተስማማ ይቅርበት።

የወንበር ጥግ፦
ጥሩ። ይሄን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ዘጠና አራት ጫማ፦
አሰልጣኙ ነዋ። ጄጄ ሬዲክ።

ነጥብ ቆጣሪ፦
ሬዲክ ከሌብሮን የሚበልጠው በስድስት ወር ነው። ሁለቱም የ1984 ልጆች ናቸው። አንዱ ጫማውን በ2021 ሰቅሎ ሰሌዳ ያዘ፣ ሌላው እስካሁን ይዘላል። አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት አብረው ፖድካስት ይሠሩ ነበር። ለጓደኛህ «አንተ ጥግ ቁም» ትለዋለህ?

እማማ ሪባውንድ፦
በስድስት ወርም ቢሆን ታላቅ ታላቅ ነው። ይንገረው።