ክርክር፦ ለአቶሚክ ክንውን (ሌላ የፕሮግራሙ ክር በመሃሉ ለማይገባበት) የኮምፓይለሩ ቢልት-ኢን (አብሮት የሚመጣ ተግባር) ወይስ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ (የፕሮሰሰሩ የራሱ ትእዛዝ)?

ጠያቂው፦ በሲ የተጻፈ አሮጌ ላይብረሪ በእጃችን አለ። የማጣቀሻ ቆጣሪው (አንድን ዕቃ ስንት ቦታ እንደያዘው የሚቆጥረው) ለኤክስ86 በአሴምብሊ የተጻፈ ነው፤ «ሎክ ኤክስአድ» የምትባለውን ትእዛዝ ይጠቀማል። አሁን በ64 ቢት አርም ላይም ይሥራ ተብሏል። ለአርም ሌላ አሴምብሊ እንጻፍ ወይስ ሁሉንም ጥለን የኮምፓይለራችንን የጂሲሲን ቢልት-ኢኖች እንያዝ? ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል።

ጥንቁቅ፦ ይህም ያከራክራል? ጂሲሲ 4.7 እኮ ከ2012 ጀምሮ የማህደረ ትውስታውን ቅደም ተከተል (ንባብና ጽሕፈት ምን ያህል ቦታ መቀያየር እንደሚችሉ) ጭምር የሚቀበሉ ቢልት-ኢኖች አሉት። የአሴምብሊህን ውስጥ ኮምፓይለሩ አያየውም። ማህደረ ትውስታው እንደሚነካ ካላስታወቅኸው፣ በዙሪያው ያሉትን ንባቦችና ጽሕፈቶች እንዳሻው ያዘዋውራቸዋል። ስህተቱ ደግሞ ማመቻቸቱ ሲበራ እንጂ ለሙከራ ስትገነባ ብቅ አይልም።

የከርነል ልጅ፦ ታዲያ ሊኑክስ በኤክስ86ም በአርምም የራሱን አሴምብሊ ይዞ የቀረው ሰነፍ ስለሆነ ነው? ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዋጋ የሚመልስ አቶሚክ ከፊትም ከኋላም ሙሉ አጥር፣ ማለትም ምንም ንባብና ጽሕፈት የማይሻገረው፣ እንዲሆን ይፈልጋል። የሲ11 (የ2011ዱ የሲ መስፈርት) ጠንካራው የቅደም ተከተል ደረጃ እንኳ በ64 ቢት አርም ላይ ያን ያህል አይሰጥም።

ጥንቁቅ፦ ራስህ አነሣኸው። ያው ከርነል በ2014 የ64 ቢት አርም አቶሚኮቹን ለማረም ተገዷል። በ«አኩዋየር» (ተከታዮቹ ክንውኖች እንዳይቀድሙት) አንብቦ በ«ሪሊዝ» (ቀዳሚዎቹ ከእሱ ኋላ እንዳይቀሩ) መጻፍ ሙሉ አጥር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ አልሆነም፤ ከፊትና ከኋላ ያሉት ክንውኖች ወደ መሃል ገብተው ሊተላለፉ ይችሉ ነበር። ጸሐፊዎቹ ፕሮሰሰሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔና አንተ ከእነሱ እንበልጣለን?

የከርነል ልጅ፦ ጂሲሲስ? የድሮዎቹ «ሲንክ» ቢልት-ኢኖች ያንኑ ጉድለት ይዘው እስከ 2015 ቆይተዋል። የራሴን ኮድ ዛሬውኑ አርማለሁ፤ ደንበኛው አዲስ ኮምፓይለር እስኪጭን ግን ማን ይጠብቃል?

አንጋፋዋ፦ ልጆች፣ የተጠየቀው ስለ ቆጣሪ ነው። ሲጨምር ቅደም ተከተል አያስፈልገውም፤ ሲቀንስ «ሪሊዝ»፣ ከማጥፋቱ በፊት «አኩዋየር» ይበቃዋል። ኤክስ86 ላይ የ«ሎክ» ትእዛዝ ሙሉውን ስለሚያስከፍል ልዩነት የለውም፤ አርም ላይ ግን አለው። ደግሞ የመጀመሪያው አርም 8 በጥንድ ትእዛዝ (አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይጽፋል) እስኪሳካ እየዞረ ይሞክራል፤ ከ8.1 ወዲህ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ከ2020ው ጂሲሲ 10 ጀምሮ ኮምፓይለሩ የትኛው እንዳለ በሥራ ሰዓት አይቶ ይመርጣል። በእጅ ከጻፋችሁ ይህንንም ራሳችሁ ልትሠሩት ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። አንድ የወረፋ ራስ ግን አለን፤ ጠቋሚና ቆጣሪ ባንድ ላይ፣ 16 ባይት።

አንጋፋዋ፦ እዚያ ላይ የከርነሉ ልጅ እውነት አለው። ከጂሲሲ 7 ወዲህ አዲሶቹ ቢልት-ኢኖች ለ16 ባይት በቀጥታ ትእዛዝ አያወጡም፤ የጂሲሲን ረዳት ላይብረሪ ሊብአቶሚክን ይጠራሉ። አሴምብሊውን አቆዩት። ግን ያንኑ ቦታ ግማሹን በአሴምብሊ፣ ግማሹን በቢልት-ኢን አትንኩ፤ ሊብአቶሚክ በቁልፍ (አንድ ክር ብቻ በሚያስገባ) የሚሠራበት ማሽን ላይ አንዱ የሌላውን ቁልፍ አያውቅም።

ጥንቁቅ፦ እርስዎ ካሉ ይሁን። የክሮችን ሽሚያ የሚመረምረው ሳኒታይዘር ግን አሴምብሊ ውስጥ አይገባም፤ በዚያ ወረፋ ላይ በሐሰት ሲጮህ ማን ሊያጣራው ነው?

የከርነል ልጅ፦ ኮዱን የጻፈው።

ጥንቁቅ፦ የጻፈው ሥራ ለቅቋል።