ክርክር፦ የፈረንጆቹ 1970ዎቹ የአማተር ሬድዮ ትራንሲቨር (መላኪያና መቀበያ በአንድ ሳጥን) አየር ላይ ይቆይ ወይስ ይውረድ?

ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ላይ እንከራከር። ጃፓን በፈረንጆቹ 2005 አዲስ የስፑሪየስ ሕግ አወጣች፣ ማለትም ማሰራጫህ ከምትሠራበት ፍሪኩዌንሲ ውጪ ምን ያህል ቆሻሻ ሲግናል ቢለቅ ይፈቀዳል የሚለው ነው። በድሮው መስፈርት የተሠሩትን ሬድዮዎች እስከ ኖቬምበር 30 2022 ብቻ ነው የምትጠቀሙባቸው ብላ ነበር፣ ቀኑ ሳይደርስ ግን ሌላ ጣቢያ እስካልረበሹ ድረስ ለጊዜው ይቆዩ ተባለ። ይሄን ያለችው ኬንውድ ቲኤስ-520ን እና ያኤሱ ኤፍቲ-101ን የሠራችው አገር ራሷ ናት እንግዲህ። በእናንተ እይታ እነዚህ ሬድዮዎች ቀን ተቆርጦላቸው መውረድ አለባቸው? አዲስ የአማተር ሬድዮ ፈቃድ ያወጣ ሰውስ ልግዛ ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ፊውዝ ተቃጠለ፦
ይውረዱ በቃ። ሰው ሬድዮ የሚገዛ ይመስለዋል እንጂ ወጣትነቱን ነው የሚገዛው

ኮንደንሰር፦
ቀስ በሉ ልጆች። የኔ ኤፍቲ-101 እስካሁን ይሠራል። ሪሲቨሩ ሙሉ በሙሉ ትራንዚስተር ነው፣ ቲዩብ (የድሮው የመስታወት ቫልቭ) ያለው ድራይቨሩ ላይና ሁለቱ ፋይናሎች ላይ፣ ማለትም የሚላከውን ሲግናል በሚያጎሉት የመጨረሻ ደረጃዎች ላይ ብቻ ነው። ክዳኑን ስትከፍት ሁሉም ነገር ይታይሃል፣ ካርዶቹ ይነቀላሉ ይሰካሉ፣ ማኑዋሉ ላይ ሙሉ ሰርኪቱ አለ፣ የትኛው እግር ላይ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት ሳይቀር በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የዛሬውን ከፍተህ ምን ታያለህ? ጥቃቅን ቺፕ ነው፣ አንዷ ከሞተች ቦርዱን ቀይር ይሉሃል፣ አምራቹ ቦርዱን ካቆመ ደግሞ አለቀ። ይሄኛው እንደ ቮልስ ነው፣ መንገድ ላይ ቢቆም እዛው ተጠግኖ ይነሳል። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካኖችም ኢቲ3ዩኤስኤ በሚል የጥሪ ስም በፈረንጆቹ 60ዎቹ ዓለምን ያዳረሱት በቲዩብ ነው።

ፊውዝ ተቃጠለ፦
ጋሼ ቮልስ ውስጥ 600 ቮልት የለም እኮ። ቲኤስ-520 ደግሞ 800 አካባቢ ነው። ከሶኬት ነቅለኸውም የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ቻርጁን ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ሬዚስተር ከ50 ዓመት በኋላ ተቃጥሎ ከሆነ ማን ያውቃል። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ዩቱብ አይቶ ክዳኑን ሲከፍት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። መጠገን ይቻላል የምትሉት ነገር እኮ እጅ ማስገባት ማለት ነው

ኮንደንሰር፦
ለዚህ ነው አንድ እጅ ኪስ ውስጥ የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብህ እንዳያልፍ። ካፓሲተሩን በደንብ በተሸፈነ ሽቦና በሬዚስተር ታወርደዋለህ፣ ከዛ በሜትር ትለካለህ፣ ዜሮ ካላየህ አትነካም። ይሄን ያልተማረ ልጅ ሬድዮ ፈቃድ ማውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወደ ሕጉ እንመለስ። እዚህ አሜሪካ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ላለ ማሰራጫ፣ ከጃንዋሪ 1 2003 በኋላ የተተከለ ከሆነ ስፑሪየሱ ከዋናው ሲግናል ቢያንስ 43 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የኃይል ንፅፅር መለኪያ) ዝቅ ማለት አለበት፣ ከዛ በፊት የተተከለ 40 ዲቢ፣ ከኤፕሪል 15 1977 በፊት የተሠራ ደግሞ ከዚህ ግዴታ ጭራሽ ነፃ ነው። 40ና 43 መሃል ያለው ልዩነት የኃይል ግማሽ ማለት ነው፣ ጎረቤትህ ይሄን በጆሮው አይለየውም። ባንዱን (የምንሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል) የሚያቆሽሸው ማነው ካላችሁ፣ አዲስ ሬድዮ ገዝቶ ማይክ ጌይኑን (የማይክሮፎን ማጉያውን) እስከ ጥግ የከፈተው ሰውዬ ነው፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራትና የሶላር ኢንቨርተር ነው። በዕድሜ ቀን መቁረጥ ሰነፍ ሕግ ነው፣ ለክተህ የረበሸውን አውርድ።

አምስት ኪሎ፦
ሕጉ ላይ እስማማለሁ፣ ግዙ በሚለው ላይ ግን አልስማማም። እዚህ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁናችሁ 40 ሜትር ባንድን (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ክፈቱና ስሙ፣ ኖይዙ ከሲግናሉ በላይ ነው። የድሮው ኖይዝ ብላንከር (ጩኸት ማፈኛ) የሚጠቅመው እንደ መኪና ኢግኒሽን ላለ ቋ ቋ ለሚል ነገር ነው፣ የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይን ጩኸት አያጠፋም። እንደ አይኮም 7300 ያለ ከ2016 ወዲህ የመጣ ሬድዮ ላይ ግን ኖይዙ የት እንዳለ በስክሪን ታያለህ፣ በዲኤስፒ፣ ማለትም ሲግናሉን በሚያጣራው ኮምፒዩተር ትቀንሰዋለህ።

ሌላው ደግሞ ከኢትዮጵያ ኢቲ በሚለው የአገራችን የጥሪ ስም ስትጠራ ግማሹ ዓለም አንዴ ነው የሚጮህብህ፣ ስፕሊት መሥራት ግዴታ ነው፣ በአንዱ ታወራለህ በሌላው ትሰማለህ። ቲኤስ-520 ላይ ለዛ ሌላ ተጨማሪ ቪኤፍኦ (ፍሪኩዌንሲ የምትመርጥበት ክፍል) ሳጥን ያስፈልጋል። የ30፣ የ17 እና የ12 ሜትር ባንዶችም የሉትም፣ የተፈቀዱት ከ1979ኙ ዓለም አቀፍ የሬድዮ ጉባኤ በኋላ ነዋ።

ኮንደንሰር፦
እህቴ የኤፍቲ-101 ክላሪፋየር፣ መቀበያውን ብቻ ፈቀቅ የምታደርግበት ቁልፍ፣ እኮ ጥቂት ኪሎኸርዝ ያንቀሳቅሳል፣ በዛ ስፕሊት ሠርቻለሁ

አምስት ኪሎ፦
እርስዎ ስለለመዱት ነው ጋሼ። እስቲ ኤፍቲ8 የሚባለውን በኮምፒዩተር የሚላክ አጭር የዲጂታል መልእክት ይሥሩበት። በየ15 ሰከንዱ ተራ 12.6 ሰከንድ ሙሉ ኃይል ይልካል፣ ሲግናሉ 50 ኸርዝ ብቻ ነው የሚሰፋው፣ ያልሞቀ ቪኤፍኦ ደግሞ ከዛ በላይ ይንሸራተታል። 6ጄኤስ6ሲ የሚባለው የኤፍቲ-101 ፋይናል መጀመሪያ ለቴሌቪዥን የተሠራ ቲዩብ ነው፣ ለዚህ አይነት ሥራ አልታሰበም፣ አሁን ደግሞ አይመረትም። ተቃጠለ እንበል፣ መርካቶ የት ሱቅ ነው የምጠይቀው?

ኮንደንሰር፦
ግማሽ ሰዓት አሙቀው፣ ኃይሉን 30 ዋት ላይ አድርገው፣ ዓመታት ይቆያል። ቲዩቡ ግን እውነት ነው፣ መለዋወጫ ሳይዙ አይገባበትም። 6146ቢ የሚባለውን ሌላ ቲዩብ የሚበላውን፣ ለምሳሌ ቲኤስ-830ን መፈለግ ይሻላል፣ አዲሶቹን ባንዶችም ይዟል። ቲዩብ ስትቀይሩ ኒውትራላይዝ ማድረግ፣ ማለትም ቲዩቡ በራሱ እንዳይጮህ ማስተካከል እንዳትረሱ።

ባትሪ ብቻ፦
እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁለታችሁም የላችሁም። 20 ዋት ያለው ሺዬጉ ጂ90 የሚባል ትንሽ ሬድዮና አንድ የመኪና ባትሪ፣ አለቀ

ኮንደንሰር፦
ኤፍቲ-101ኢ እኮ ውስጡ ኢንቨርተር አለው፣ በ12 ቮልት ይሠራል። የቲዩቡን ሂተር (ማሞቂያ) ካጠፋኸው ለመስማት ከ1 አምፔር በታች ነው የሚበላው። ስታወራ ነው 20 አምፔር አካባቢ የሚሄደው፣ ባለ 100 ዋቱ አዲስ ሬድዮም ያን ያህል ይበላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ለገዢ አደገኛው የ70ዎቹ ሬድዮ አይደለም፣ መሃል ላይ ያሉት የ80ዎቹ ናቸው። ዲጂታል ናቸው ግን አርጅተዋል። ቲኤስ-440 ቪሲኦው (ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጨው ክፍል) ላይ የተደፋው ማጣበቂያ ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ከዛ ዲስፕሌዩ ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የምታየው። አይኮም 751 ላይ ደግሞ ትንሿ ሊቲየም ባትሪ ስታልቅ ሬድዮው የሚሠራበት ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል። ሻጩ "ሙሉ ጤነኛ ነው" ይላል፣ ባትሪዋ ግን ከመቼ ጀምሮ እንዳለች አይነግርህም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ከአዳማ፦
እሺ አሁን ነገሩን ልናገር። የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ አንድ ቲኤስ-520 በ250 ዶላር አግኝቷል፣ ሲመጣ ይዤልህ ልምጣ እያለኝ ነው

ፊውዝ ተቃጠለ፦
ሃሃ አወቅኩ! ሲጀመር "እስቲ እንከራከር" ስትል

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
16 ኪሎ ነው፣ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ሌላ ብዙ ነገር አትጨምርም። ፋይናሎቹን አውጥቶ በእጅ ይያዛቸው። ፈቃድህን ሳትጨርስ ደግሞ ማሰራጫ እንዳያስገባልህ፣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። አሜሪካ የነበረ ሬድዮ 120 ቮልት ላይ ነው የሚሆነው፣ ትራንስፎርመሩ ወደ 220 መቀየር ይችል እንደሆነ ሳታይ ሶኬት ውስጥ ከሰካኸው የዛኑ ቀን ይጨሳል።

ኮንደንሰር፦
መጀመሪያ ስታበራው አምፖል በሲሪየስ፣ ማለትም መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሬድዮው እንዲሄድ አድርገህ አስገባበት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፣ አጥፋው። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ቀጥል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን ግን ሳታመነታ ቀይራቸው፣ ዋጋቸው ምንም አይደለም።

አምስት ኪሎ፦
ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ቪድዮ ይጠይቀው። ዳሚ ሎድ (በአንቴና ምትክ የሚሰካ ሬዚስተር) ላይ በ80 ሜትርም በ10 ሜትርም ሲያስተላልፍ የዋት ሜትሩ እንዲታይ፣ ከዛ ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ ቁሞ ይንሸራተት እንደሆነ እንዲታይ ሳይነካው አስር ደቂቃ ያስቀምጠው። "መብራቱ ይበራል" ብቻ ካለው፣ 250 ዶላሩን ይያዝ።