ኮፒ ኤርፖድ ከደሴ ገበያ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የሆጤው ልጅ፦
ሰላም ጀመዓው። ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ በደንብ እንከራከርበት። የአፕልን ኤርፖድ አስመስሎ የተሠራ ኮፒ ገመድ አልባ ማዳመጫ፣ ሁላችንም «ኤርፖድ» የምንለው፣ እዚህ ደሴ መሸጡ ይከልከል ወይስ አይከልከል?

መነሻዬን ልንገራችሁ። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ «ኦርጅናል ነው» ተብዬ በ3,500 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ያምራል። አሮጌ አይፎን አለኝ፤ ክዳኑን ስከፍተው የኤርፖዱ ምስል ስልኬ ላይ ብቅ አለ። አመንኩ። በ9ኛው ቀን ግራው ዝም አለ። ይዤ ስመለስ «ከተከፈተ አንቀይርም» አሉኝ። ደረሰኝም አልሰጡኝም ነበር። 3,500 ብር ለእኔ የቤት ኪራይ ነው። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ኦርጅናል ነው ማለታቸው ነው። የእኔ አቋም ይከልከል ነው።

የፒያሳዋ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ አብሽር። የደረሰብህ ነገር አሳዝኖኛል። ይከልከል በሚለው ግን አልስማማም። እኔም ኮፒ እሸጣለሁ። ኮፒ ነው ብዬ፣ በ900 ብር። ሱቄ የሚመጣው ተማሪ ነው፣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ወጥ እየሠራች መንዙማ ወይ መዝሙር መስማት የምትፈልግ እናት ናት። እነዚህ ሰዎች የዋናውን ዋጋ ከየት ያመጣሉ? ኮፒው ይውጣ ስትሉ ለእነሱ ማዳመጫ አይኑራቸው እያላችሁ ነው።

የሰኞ ገበያው ሞባይል ሠሪ፦
በቀን ሦስት አራት የሚሆን እየከፈትኩ ስለማይ ከውስጥ ያለውን ልናገር።

መጀመሪያ፣ ያ ብቅ የሚለው ምስል ምንም አያረጋግጥም። ኤርፖዱ ለስልኩ የሚልከውን ምልክት ኮፒ ሠሪዎቹ መኮረጅ ከጀመሩ ቆይተዋል። መለያ ቁጥሩም እንደዚያው ነው። የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር ይገለብጡና ሺህ ካርቶን ላይ ያትሙታል። ድረ ገጽ ገብታችሁ ብትፈትሹ «ትክክል ነው» ይላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 16፣ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ያለበት አይፎን ግን ዋናው መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ከመክፈሉ በፊት አዲስ አይፎን ካለው ጓደኛው ጋር ቢሄድ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ ባትሪው ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ባትሪ ከአተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሊትየም ስለሆነ ጥሩ የሚባለው እንኳ ጥቂት መቶ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ይደክማል። ርካሹ ላይ የሚገባው ከመጀመሪያውም ደካማ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑት፤ ከፍቼ የማየው ባትሪ ያንን ያህል የሚይዝ አይደለም። ለመቀየር ደግሞ ሽፋኑ በማጣበቂያ ነው የተዘጋው። ስከፍተው ግማሹ ይሰበርብኛል። ደንበኛዬን «ይሄ አይጠገንም» ማለት ሰልችቶኛል።

የሆጤው፣ አንተ ግን አንድ ነገር ሞክር። ኬዙ፣ ማለትም ማስቀመጫው፣ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርጉትን ትንንሽ የብረት ነጥቦች፣ የማዳመጫውን ጫፍም፣ በትንሽ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ። የጆሮ ኩክና አቧራ ሲይዛቸው አንዱ ወገን ቻርጅ አያደርግም። ሞተ ተብሎ ከሚመጣልኝ ብዙው በዚህ ይነሣል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ክርክሩ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። አዲስ ክልከላ ከመጠየቃችን በፊት ያለውን ሕግ እንወቅ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችላለህ። «ከተከፈተ አንቀይርም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ይህ መብት አይጠፋም። ልጄ፣ አንተ በ9ኛው ቀን ነው የሄድከው። መብትህ ነበር። የጎዳህ ደረሰኝ አለመያዝህ ነው። ሻጩ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ ጠይቁ።

እንዲያም ሆኖ እኔ ይከልከል ከሚሉት ጋር ነኝ። ምክንያቴ ሌላ ነው። በወር በሁለት ወር የሚሞት ዕቃ የት ነው የሚጣለው? ከቆሻሻ ጋር። ባትሪውም አብሮ። ዝናብ ሲመጣ ከዚህ ከደሴ የሚጠረገው ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ወርዶ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል።

የፒያሳዋ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። ግን ዋናውም ባትሪ አለው፤ እሱም አንድ ቀን ይሞታል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ። ልዩነቱ ዕድሜው ላይ ነው። ሦስት ዓመት የሚያገለግልና ሦስት ወር የሚያገለግል አንድ አይደሉም።

የበርበሬ ወንዟ፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። ሽመና ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ብር ብዙ ተባለ፤ ስለ ጆሮ ግን ማንም አላነሣም።

ማሽኑ ሲጮህ ሰው ለሰው አይሰማማም። ብዙ ልጆች ድምፅ ይከላከላል ብለው ኮፒ ኤርፖድ ሰክተው ይገባሉ። ካርቶኑ ላይ «ጩኸት ያጠፋል» ይላል። አያጠፋም። እውነተኛው ሲሠራ የውጭውን ድምፅ በማይክ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ይለቅበታል፤ ያኔ ጩኸቱ ይቀንሳል። ርካሹ ላይ ብዙ ጊዜ ቁልፉ አለ እንጂ ሥራው የለም። ስለዚህ ልጆቹ ዘፈኑን ከማሽኑ በላይ ያጮሁታል። ሁለት ጩኸት ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲብል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አይሰማ ይላል። 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ። በሳምንት! እኛ አንድ ፈረቃ 8 ሰዓት ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ማታ ጆሮዋ ውስጥ ጢዝ ይላል፣ እንቅልፍ አልወስዳት ብሏል። እባካችሁ፣ የፋብሪካ መከላከያ ሌላ ነው፣ ማዳመጫ ሌላ ነው። ኮፒ ይከልከል አይከልከል አልልም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ውሸት ግን ይከልከል።

የኮምቦልቻው ተማሪ፦
እህቴ ያለችው ትክክል ነው። እኔ ስልክና ማዳመጫ እየሞከርኩ ቪዲዮ የምሠራ ልጅ ነኝ። አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ በነፃ ኤርፖድ ሰጠኝ። አንድ ቀን ተጠቅሜ አሞገስኩት። በነፃ እንደተሰጠኝ አልተናገርኩም። አይተው የገዙ ልጆች በኋላ እየደወሉ ወቀሱኝ፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ሁለት ሳምንት ሳልጠቀም አልናገርም፤ ከማን እንዳገኘሁትም መጀመሪያ ላይ እናገራለሁ። ይሄ ደንብ ለሁላችንም ግዴታ ቢሆን እደግፋለሁ።

የምሞክርበት መንገድ የታወቀ ነው። ከደሴ ሚኒባስ ይዤ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር፣ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል። ጩኸት ማጥፊያው እውነተኛ ከሆነ ያ የማያቋርጥ የሞተር ጉርምርምታ ይቀልላል። የረዳቱ ጥሪና የጥሩምባ ድምፅ ግን ይሰማል፤ ድንገተኛ ድምፅን ማጥፋት ለውዱም ይከብደዋል። ኮፒው ላይ ቁልፉን ብጫነው ባልጫነው ያው ነው። ከዚያ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እናቴ ጋ እደውላለሁ። «ምን አልክ?» ካለችኝ ማይኩ ወድቋል።

ሱቅ ውስጥ ግን በ5 ደቂቃ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ስልኩን ኋላ ኪስ ከትቶ መራመድ፤ ሰውነታችን የብሉቱዝን ሞገድ ስለሚይዘው ደካማው ይቆራረጣል። የሚያወራ ሰው ቪዲዮ ከፍቶ ከንፈሩና ድምፁ መግጠሙን ማየት። ከዚያ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። ሻጭ ይህን ካልፈቀደ አትግዙ።

የፒያሳዋ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አስብልኝ። አሥር ሰው ጆሮው ውስጥ ከትቶ ሞክሮት የሄደውን ለአሥራ አንደኛው አዲስ ነው ብዬ ልሽጥ? እኔ ራሴ አልገዛውም።

የኮምቦልቻው ተማሪ፦
አይሆንም፣ ልክ ነሽ። ከየዓይነቱ አንድ መሞከሪያ ይከፈት። ሰው በሞከረ ቁጥር የጎማው ጫፍ ይቀየር ወይ በአልኮል ይጠረግ። የሚገዛው ደግሞ የራሱን ከፍቶ እዚያው ይስማ።

የሆጤው ልጅ፦
ጠረግኩት። ግራው ነቃ! ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ይሰማል። ሞባይል ሠሪው፣ እጅህ ይባረክ።

አቋሜን በከፊል ቀይሬያለሁ። በ900 ብር፣ ኮፒ መሆኑ ተነግሮኝ ብገዛው ኖሮ አልናደድም ነበር። ስለዚህ ኮፒ ከገበያ ይውጣ የሚለውን ትቼዋለሁ። «ኦርጅናል» ብሎ ኮፒ የሚሸጥ ግን ይቀጣ። በዚህ አልደራደርም።

የፒያሳዋ ነጋዴ፦
እሺ፣ እኔ ልጀምር። ነገ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከፍቼ መሞከሪያ አደርጋለሁ። ኮፒዎቹ መደርደሪያ ላይ «ኮፒ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ደረሰኝ እሰጣለሁ። የሚበላሽም ካለ እስከ 7 ቀን እቀይራለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሕጉ ግን 15 ነው የሚለው።