በበጋ የሚሰነጠቅ የአፈር ክትር ክረምቱን ይችላልን?

ጥያቄ (ከግንፍሌ)
ግቢያችንን ከግንፍሌ ወንዝ የሚለየው የአፈር ክትር የተሠራው ለስላሳ ጥቁር አፈር ላይ ነው። በበጋ አናቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ስለሚገጥም ጎረቤቶቼ «ራሱን ጠገነ» ይላሉ። በእርግጥ ድኗልን? ቁመቱንስ ዘንድሮ ብንጨምርበት ይሸከማል?

መልስ (ከፒያሳ)
አልዳነም። እንዲህ ያለው አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ላዩ ቢገጥምም ውስጡ እንደ ቀድሞው አይጠብቅም። ከባድ ዝናብ በስንጥቁ ወርዶ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን የውሃ ግፊት ሲጨምረው፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ኃይል ስለሚቀንስ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ጎርፉ ካለፈ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው፤ ወንዙ በፍጥነት ሲጎድል ክትሩን ከውጭ ደግፎት የነበረው ውሃ ይሄዳል፣ ውስጡ የሰረገው ግን አብሮ ስለማይወጣ በወንዙ በኩል ያለው ጎን ሊናድ ይችላል።

መልስ (ከካዛንቺስ)
ድርቅ ብቻውንም ይበቃል። በኔዘርላንድስ፣ ዊልኒስ ላይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 የተናደውን ክትር ያፈረሰው ጎርፍ አልነበረም፤ ከዕፅዋት ብስባሽ የተፈጠረው አፈር ደርቆ ክብደቱ ስለቀነሰ የቦዩ ውሃ ወደ ጎን ገፋው።

መልስ (ከአራት ኪሎ)
ቁመቱን በአንድ ጊዜ አይጨምሩ። ሥር ያለው ለስላሳ አፈር በውስጡ የያዘውን ውሃ የሚያስወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ድንገተኛ ጭነት ሲያርፍበት ይሰምጣል ወይም ወደ ጎን ያፈነግጣል። ስንጥቁን ከሰኔ በፊት ቆፍረው፣ አፈሩን በመጠኑ አርሰው፣ በስስ ንብርብር ይጠቅጥቁት፤ በአሸዋ መሙላት (ርካሽ ቢሆንም) ለውሃው መንገድ መጥረግ ነው።