በጋራ ኔትወርክ ላይ ባሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች የማሳያ ድራይቨር ስለመጫን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከጅማ፣ ሄርማታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ቢሮ የኮምፒውተሮችንና የኔትወርኩን ሥራ እከታተላለሁ። ከአንድ የዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ዶሜይን (ኮምፒውተሮችን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር ማስተዳደሪያ ሥርዓት) ጋር የተያያዙ 18 ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሁሉም በሦስት ዓይነት ሞዴል ይጠቃለላሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አቅማቸው የፈቀደላቸውን ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ 11 ጫንንባቸው፤ ያረጁት ግን በዊንዶውስ 10 ላይ እንዳሉ ናቸው።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ስክሪናቸው 1920 በ1080 የሚያሳይ ሆኖ ሳለ 1024 በ768 ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ ጽሑፉ ተለጥጦና ደብዝዞ ይታያል። በአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፉ ሠራተኞች «ለ» እና «ሉ»ን፣ «በ» እና «ቡ»ን ለመለየት ዓይናቸውን እያጨነቆሩ ነው የሚሠሩት። የሂሳብ ክፍል ባልደረቦቼ ቀኑን ሙሉ በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ ሲያፈጡ ማየት በእውነት ያሳስበኛል።

የማሳያ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ የማሳያ ካርዱን የሚያሠራበትን ፕሮግራም) በሰርቨሩ የጋራ ፎልደር አስቀምጬ ሠራተኞቹ ከዚያ እንዲከፍቱት ባደርግ፣ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃቸዋል። በአንደኛው ሞዴል ላይ ደግሞ እኔው በአድሚንነት ስጭነው፣ ድራይቨሩ ለዚህ ኮምፒውተር እንዳልተረጋገጠና ከኮምፒውተሩ አምራች እንድወስድ የሚገልጽ መልእክት እያወጣ ያቆማል። አንድ ኮምፒውተርም ድራይቨሩ ከተጫነበት በኋላ ስክሪኑ ጨልሞ ቀርቷል። የኢንተርኔት መስመራችን ደካማ ስለሆነ እያንዳንዱን ለየብቻው ከማውረድ ይልቅ አንድ ጊዜ አውርጄ ለሁሉም የማዳርስበትን መንገድ ብታሳዩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የጥገና ባለሙያ፣ መርካቶ ሰፈር

ወንድሜ፣ የሁሉም ዓይነት ድራይቨሮች በአንድ ላይ የታጨቁበትን ጥቅል በፍላሽ ይዘው በየኮምፒውተሩ ቢዞሩ በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። እኛ ለደንበኞቻችን የምንሠራው እንደዚያ ነው፤ የራሱን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ይጭናል።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ከላይ የተሰጠው ምክር ለአንድ የቤት ኮምፒውተር ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለጋራ ኔትወርክ ግን አልመክረውም። ምንጫቸው ያልታወቀ ጥቅሎች የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን አብረው ይጭናሉ፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዞር ፍላሽም በየቢሮው ስንት ቫይረስ እንዳዳረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በዶሜይን ላይ አንድ ኮምፒውተር ሲበከል ችግሩ የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ የድራይቨር መሆኑን ያረጋግጡ። ዲቫይስ ማኔጀርን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተው በዲስፕሌይ አዳፕተርስ (የማሳያ ካርዶች) ሥር ያለውን ስም ይመልከቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከሆነ ዊንዶውስ የካርዱን ድራይቨር አላገኘም፤ በራሱ ጊዜያዊ ድራይቨር ነው የሚሠራው። የኢንቴል ወይም የሌላ አምራች ስም በትክክል ሰፍሮ ጥራቱ ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ድራይቨሩን መልሶ መላልሶ መጫን ትርፉ ድካም ነው። ስክሪኑ የሚችለውን ጥራት ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው በገመዱ በኩል ስለሆነ፣ ከውስጡ አንዷ ሽቦ የተበጠሰች የቪጂኤ ገመድ ወይም ርካሽ መቀየሪያ ይህን መረጃ ያስቀረዋል፤ ዊንዶውስም ስክሪኑን ሳያውቀው ዝቅተኛውን ጥራት ይሰጠዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገመዱን ከደህነኛ ኮምፒውተር ወስደው ይሞክሩ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ከወንበርዎ ሳይነሱ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው የሚያዩት ጥራት የርስዎ ስክሪን ጥራት እንጂ የዚያ ኮምፒውተር አይደለም፤ ስለዚህ ምርመራውን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ያድርጉት።

የድራይቨሩ ጉድለት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ከፍተው የሃርድዌር መለያውን ይቅዱ። ቬን (VEN) ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ (10DE) ካለ ኤንቪዲያ ነው፤ ዴቭ (DEV) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ትክክለኛውን ሞዴል ይነግርዎታል። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ላሉ ፕሮሰሰሮችና ከዚያ በፊት ለነበሩት የተለያየ ጥቅል ስለሚያወጣ፣ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ማውረድ ብቻ አይበቃም። «አልተረጋገጠም» የሚለው መልእክት የሚመጣው የኮምፒውተሩ አምራች ለራሱ ያስተካከለው ድራይቨር ሲኖር ነው፤ መልእክቱ እንደሚለው ከአምራቹ ድረ ገጽ በኮምፒውተሩ ሞዴል ቁጥር ፈልገው ያውርዱ።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ጅሬን

እኔ ስለ ሥርጭቱ ልጨምር። ፓስወርድ መጠየቁ ስህተት አይደለም፤ ድራይቨር ከዊንዶውስ እምብርት ጋር ስለሚሠራ ተራ ተጠቃሚ እንዳይጭነው ሆኖ ነው የተሠራው። እባክዎ ሥራው ይቅለል ብለው የአድሚን ፓስወርዱን ለሠራተኞች እንዳይሰጡ፤ ሠራተኞቹን በጊዜያዊነትም ቢሆን የአድሚን ቡድን ውስጥ እንዳያስገቧቸው።

ዶሜይን ስላለዎት ከሁሉ የሚሻለው በግሩፕ ፖሊሲ (ለዶሜይኑ ኮምፒውተሮች ትእዛዝና ደንብ ከሰርቨሩ ማስተላለፊያ) በኩል ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራ ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ማዘጋጀት ነው። ይህ ስክሪፕት የሚሠራው በኮምፒውተሩ በራሱ መብት ስለሆነ ማንም ፓስወርድ አይጠየቅም። የወረደውን የድራይቨር ጥቅል በትነው (ኤክስትራክት አድርገው) አይኤንኤፍ (.inf) የሚባለው ፋይል ያለበትን ፎልደር ሙሉውን በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ፒኤንፒዩቲል (pnputil) የተባለው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ድራይቨሩን ወደ ዊንዶውስ የድራይቨር ማከማቻ አስገብቶ፣ መለያው ለሚገጥመው ካርድ ብቻ ይጭነዋል። ስለዚህ ሦስቱን ሞዴሎች በሦስት ንዑስ ፎልደር ቢያስቀምጧቸው አይደባለቁም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ በስክሪፕቱ ውስጥ የፎልደሩን አድራሻ በዜድ ወይም በሌላ ፊደል በተሰየመ ድራይቭ መጻፍ ነው፤ ይህ ድራይቭ የሚመጣው ሠራተኛው ከገባ በኋላ ስለሆነ ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ሰዓት የለም። አድራሻውን በሰርቨሩ ስም ጀምረው ሙሉውን ይጻፉት። ሁለተኛው የፎልደሩ ፈቃድ ነው፤ ለሠራተኞች ብቻ የማንበብ ፈቃድ ከተሰጠ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ሊያነቡት አይችሉም፤ ዶሜይን ኮምፒውተርስ ለሚባለው ቡድን የማንበብ ፈቃድ ይስጡ። የመጻፍ ፈቃድ ግን ከአድሚን በቀር ለማንም እንዳይኖር፤ በዚያ ፎልደር ላይ መጻፍ የቻለ ሁሉ በ18ቱም ኮምፒውተሮች ላይ የፈለገውን ሊያስነሳ ይችላልና።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይፈትሹ። ዊንዶውስ የማሳያ ድራይቨርን በተለመደው ሁኔታ በአፕዴት በኩል ራሱ ያመጣል። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ሳያገኙ መቅረታቸው፣ ድራይቨር ከአፕዴት ጋር እንዳይመጣ የሚከለክል ፖሊሲ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ያስጠረጥረኛል።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለውም ክልከላው ሰርቨሩ ላይ ተገኝቷል፤ ከዓመታት በፊት መስመሩ እንዳይጨናነቅ ተብሎ የተደረገ ነው። ክልከላውን ባነሳው ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውረድ ጀምረው ቢሮው ሥራ እንዳይፈታ ሰጋሁ። የጨለመው ኮምፒውተርም አልተፈታም።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ጅሬን

እንግዲያው ክልከላውን እንዳለ ይተዉትና በስክሪፕቱ ይቀጥሉ። የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያጡትን ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ (የማይክሮሶፍት የአፕዴትና የድራይቨር ማውረጃ ድረ ገጽ) በሃርድዌር መለያው ፈልገው አንድ ጊዜ ያውርዱ። ከየሞዴሉ አንዳንድ ኮምፒውተር መርጠው አስቀድመው ሞክሩና ጥቂት ቀን ካገለገሉ በኋላ ለሌሎቹ ይልቀቁት። ድራይቨሩ ሲጫን ስክሪኑ ለጥቂት ሰኮንድ ስለሚጨልም፣ ሠራተኞቹ ተበላሸ ብለው እንዳያጠፉት አስቀድመው ይንገሯቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ዩፒኤስ የሌላቸውን ኮምፒውተሮች ለሌላ ቀን ያቆዩአቸው።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ስለ ጨለመው ኮምፒውተር፦ ተጨማሪ የማሳያ ካርድ የተገጠመለት ከሆነ የስክሪኑ ገመድ በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ እንዳልተሰካ ይመልከቱ። ድራይቨሩ ከመጫኑ በፊት ምስል የሰጠው መሰኪያ ከተጫነ በኋላ ላይሰጥ ይችላል። ገመዱ ትክክል ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ጋር አብረው ይጫኑ፤ የማሳያ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ይህም ካልሠራ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሮል ባክ በሚለው ወደ ቀድሞው ድራይቨር ይመልሱት።

የጠያቂው ምላሽ

የገመዱ ነገር ነበር፤ ካርዱ ላይ ስሰካው ወዲያው ምስል ሰጠ። ስክሪፕቱም በሁለቱ ሞዴሎች ላይ ሠርቷል፤ የሂሳብ ክፍል ባልደረቦቼ አሁን በሙሉ ጥራት እየሠሩ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ የቀሩት አሮጌዎቹ ግን ባለ 2ኛ ትውልድ ኢንቴል ሲሆኑ፣ በአምራቹም ዘንድ ለዊንዶውስ 10 የሚሆን ድራይቨር አላገኘሁም።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ

አያገኙም፤ ኢንቴል ለዚያ ትውልድ የዊንዶውስ 10 ድራይቨር አላወጣም። ለቀደሙት ዊንዶውሶች የተሠራው የመጨረሻው ድራይቨር በአፕዴት ካታሎግ ውስጥ አለ፤ በዊንዶውስ 10 ላይም ይሠራል፤ በዚያው ስክሪፕት ሦስተኛ ንዑስ ፎልደር አድርገው ያስገቡት። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ እነዚህን ኮምፒውተሮች በሚቀጥለው የግዥ ዕቅድ ውስጥ እንዲካተቱ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።